ጋሼ ፍሬን እና የኋለኛው አግዳሚ ወንበር

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» እያለ የሚጠራቸው፣ እኛ ታናናሾቻቸው ደግሞ «ወንድም ጋሼ» የምንላቸው የዛሬው ተሸኚያችን፣ በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠሩ ከነበሩት አባታችንና በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥረው ከነበሩት እናታችን፣ ከወንዙ ማዶ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው የሁሉም ታናሽ የሆንኩት እህታቸው ነኝ። ቤት ውስጥ «አንተ» ነበር የምላቸው። ወረቀት ላይ ግን ወጉ ስለሆነ «አንቱ» ብያቸዋለሁ፤ ቢሰሙኝ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ወንድም ጋሼ ይኖሩበት የነበረው ሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ እኔን ላለማድከም ብለው ረቂቅ አዘጋጅተው ልከውልኝ ነበር። እግዜር ይስጣቸው። «ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕዝብን ሳይታክቱ ያገለገሉ» ብሎ ይጀምራል። «ሳይታክቱ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ውሸት ነዋ! በሬሳ ፊት ውሸት አይነበብም። ወንድም ጋሼ ታክተዋል። ሲታክቱም በዓይኔ አይቻለሁ፤ በአፋቸውም ነግረውኛል፤ ለእናንተም ነግረዋችኋል። ስለዚህ ረቂቁን ወደ ጎን አድርጌ ከመወለዳቸው ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ጸሐፊው ይቅር ይበሉኝ።

በልጅነታቸው የሰፈሩ ተላላኪ ነበሩ። እናታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ የነበራቸው ኩራት ልክ አልነበረውም። «የኔ ልጅ ይላክላችኋል» እያሉ ለየጎረቤቱ ያውሷቸው ነበር። የማን ባልዲ፣ የማን ከሰል፣ የየትኛዋ አሮጊት መድኃኒት ነው በእርሳቸው እጅ ያልገባው? እኔ ስጠራ በር ኋላ እደበቃለሁ። እርሳቸው ግን የሚላኩበትን ሳይሰሙ «እሺ» ብለው ተነስተዋል። «አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስማ እንጂ!» ይሏቸው ነበር አባታችን። ይህ ጠባይ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ አልለቀቃቸውም። መጀመሪያ «እሺ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ «ምንድን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለው ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሱ። በዚያው ዓመት መጋዙ የአባታችንን ሁለት ጣቶች ወሰደና አባታችን ከሥራ ቀሩ። ወንድም ጋሼ ቦርሳቸውን ለተከታያቸው ወንድማችን አውርሰው ጋራዥ ገቡ። ግባ ያላቸው ሰው የለም፤ አትግባ ያላቸውም የለም። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ትዝ የሚለኝ ከሥራ ሲመጡ እጃቸው ግራሶ ግራሶ መሽተቱና እየበሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሲሄድ እናታችን ማንኪያውን ከጣታቸው ማስለቀቃቸው ነው።

ከጋራዥ ረዳትነት ተነስተው መንጃ ፈቃድ አወጡና በሃያ ሦስት ዓመታቸው በከተማው አውቶቡስ ድርጅት በሾፌርነት ተቀጠሩ። «ጋሼ ፍሬን» የተባሉት እዚያ ነው። ፍሬን ሲይዙ ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪ እንኳ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ እንቁላል የሚነግዱ ሴቶች ሌላውን አውቶቡስ አሳልፈው የእርሳቸውን ይጠብቁ ነበር። እስከ ጡረታቸው ድረስ የማለዳውን ፈረቃ ይዘው ኖሩ። የማለዳ ፈረቃ ማለት ወፍ ሳይንጫጫ መነሳት ነው። ባልደረቦቻቸው «ልጆች አሉብኝ» እያሉ ሲሸሹት ለእርሳቸው ቀረ። እርሳቸውም ልጆች ነበሯቸው፤ ግን ማን ጠየቃቸው? መሪ ይዘው ሳሉ አንድም ቀን ዓይናቸውን አልከደኑም። «ከኋላዬ የሰው ነፍስ ጭኛለሁ» ይሉ ነበር። ስለዚህ እንቅልፋቸውን ሳይነኩት ይዘውት ቤት ይመጣሉ። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ የማለዳ አውቶቡስ ላይ ነው። ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበሩና እርሳቸውም በጠዋት ነው የሚገቡት። እንቅልፍ ያልጠገቡ ሁለት ሰዎች በመስተዋት እየተያዩ ከርመው ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጃቸው ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናት፤ የሁለት ሕፃናት እናት ነች። ወንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ትዳራቸው በሳቅ የተሞላ ነበር፤ ሳቁ ግን አንዳንዴ ያንቃል። «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሕንፃውን?» ይሏቸው ነበር ባለቤታቸው። ወንድም ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በሩ ይንኳኳል።

ስለ ሕንፃው እዚህ የተቀመጣችሁት ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ ግን ለማያውቅ ሰው ልናገር። አምስት ፎቅ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጣሪያው ላይ ታንከር አለ፤ ፓምፑ በጊዜው ካልተነሳ ታንከሩ ይደርቃል፣ በጊዜው ካልጠፋ ደግሞ ሞልቶ በደረጃው ይወርዳል። የጣሪያው በር ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ይህ ቁልፍ ለወንድም ጋሼ የተሰጣቸው «ለአንድ ወር ያህል፣ ሰው እስክናገኝ» ተብሎ ነው። ልጃቸው ያኔ አንደኛ ክፍል ነበረች። ያ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ቁልፉን ተከትሎ ሌላው መጣ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ተወካይ ሆኑ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ታዛቢ ሆነው ጠዋት ገብተው ሳጥኑ እስኪታሸግ ይቀመጣሉ። ባልና ሚስት ሲጋጩ አስታራቂ ናቸው፤ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል መሰላል ያዥም ወጪም ናቸው። ወንድ ልጃቸው የተመረቀ ቀን የተነሳውን ፎቶ እዩት፤ የሉበትም። ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ነበሩ። ልጁ አንድም ቀን አላነሳባቸውም። እኔ ግን አነሳዋለሁ፤ አክስት ምን ልትሠራ ተፈጠረች?

እርሳቸው ግን ያምኑበት ነበር። «መንገድ ላይ ክፍት ጉድጓድ አይቼ ዝም ብዬ ካለፍኩ፣ የሚገባበት ሰው ነገር በኔ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አልክድም። ሰው ለሚኖርበት ሰፈር ግዴታ አለበት። ነገር ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሌላም ሰው ይኖር ነበር እኮ! ጉልበት ያለው፣ ጤና ያለው፣ ቅዳሜ ከሰዓቱን ኳስ እያየ የሚያሳልፍ። ውሃ ሲጠፋ መስኮት ከፍቶ «ጋሼ ፍሬን!» ብሎ ለመጥራት የሚበቃ ድምፅ ያለው። የሁላችንም ነው የተባለ ግዴታ አንድ ጀርባ ላይ ሲከመር ምን ተብሎ እንደሚጠራ እኔ አላውቅም። አገልግሎት ነው ማለት ግን ከበደኝ።

አሁን ስለ እምነታቸው የምጽፈው ላይ ደርሻለሁ፤ ካህኑም ምዕመናኑም በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ወንድም ጋሼ ፈጣሪያቸውን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ከምሰሶው ጎን ካለችው ከኋለኛዋ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ሁለት ክንዳቸውን የፊተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ አድርገው ግንባራቸውን ይጥሉበታል። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያልቃል፤ እርሳቸው አይነቃነቁም። አንድ እሑድ የጽዳት ሠራተኛዋ ሊጠርጉ ገብተው አዩአቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው በእግር ጣታቸው ወጡና ለሰው ነገሩ። «እንዲህ አድርጎ የሚጸልይ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ወሬው በሳምንቱ ሰፈሩን አዳረሰ።

ተኝተው ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ወንድም ጋሼ ተኝተው ነበር።

ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የነገሩኝ። «እንቅልፌን አይተው የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ» አሉኝ። አበስኩ ገበርኩ አልኩ። «አልተናገርክም እንዴ?» ብላቸው፣ «ተናገርኩ እንጂ» አሉ። ለካህኑ ሄደው «አባቴ፣ እኔ እኮ እየጸለይኩ አይደለም፣ ተኝቼ ነው» ብለዋቸዋል። ካህኑም ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «ትሕትናዎ ነው» አሏቸው። እኔም ዝም አላልኩም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሴቶቹ ሁሉ «ኧረ ወንድሜ እንቅልፉን ነው የሚተኛው፣ ደክሞት ነው!» ብዬአለሁ። «አንቺ ደግሞ ቀልድሽ!» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም እዚያች አግዳሚ አጠገብ ድምፅ አያሰማም። እናቶች ልጆቻቸውን «እሽሽ! ጋሼ ፍሬን እየጸለዩ ነው» እያሉ በአፋቸው ላይ ጣት አድርገው ያሳልፏቸው ጀመር።

ወንድም ጋሼ ግን ነገሩ ይከነክናቸው ነበር። አንድ ቀን ቤቴ መጥተው ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ተቀመጡና «አንቺ፣ እግዚአብሔርን እያታለልኩት ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቄ ጠፋ። «ለምን ቤትህ አትተኛም?» አልኳቸው። «ቤት ይንኳኳል» አሉ። «ስልኬ ይጮኻል። እዚያ ግን ማንም አይጠራኝም። እገባና ‹ጌታዬ፣ አንዴ ልረፍ› እለዋለሁ፤ ሌላ ጸሎት ሳልጨምር ይወስደኛል።» እኔ የሃይማኖት ትምህርት የለኝም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ከዚህ የበለጠ ጸሎት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያን ጊዜም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ብዙም ያጽናናቸው አይመስለኝም።

በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ለበረንዳቸው ተጣጣፊ ወንበር ገዙ፤ «ከእንግዲህ እዚህ ተቀምጬ መንገዱን ሌላ ሰው ሲነዳበት አያለሁ» አሉ። ወንበሯ ላይ የተቀመጡት ጥቂት ጊዜ ነው። «ጡረታ ወጥተዋል፣ ጊዜ አላቸው» ተባለና ያልነበራቸው ሥራ ሁሉ ተጨመረ። ወንበሯን በመጨረሻ ባለቤታቸው ብርድ ልብስ ማስጫ አደረጓት።

የዛሬ ሁለት ዓመት በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሰብሳቢነት ለመውረድ ቆረጡ። እኔም እንግዳ ሆኜ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አብሬያቸው ካልሄድኩ እንደማያደርጉት አውቄ ነው የሄድኩት። ተነሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ «ወገኖቼ፣ እኔ ደክሞኛል» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ! የምስጋና ንግግር መጀመሪያ መስሏቸው ነው። ወንድም ጋሼ እጃቸውን አንስተው ዝም ሊያሰኟቸው ሞከሩ፤ ጭራሽ ቆመው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳይበርድ አንዱ «በድጋሚ እንዲቀጥሉ ድምፅ እንስጥ!» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ጮኼ «ሰውዬው እኮ ደክሞኛል ነው የሚሉት!» አልኩ፤ የሰማኝ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና «እሺ» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው መሐል ቆመው እየተነፈሱ «አጨበጨቡልኝ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጤናቸው ወደ ኋላ ሄደ። የደም ግፊት ተገኘባቸው፤ ግራ እጃቸውን ይደነዝዛቸው ጀመር። ሐኪሙ «ጋሼ፣ ዕረፍት ያስፈልግዎታል» ቢላቸው እርሳቸው እንደ ልማዳቸው «እሺ» አሉ። ከሐኪም ቤት እየወጡ ሳለ ስልክ ተደወለ፤ ፓምፑ አልነሳም ብሏል።

ባለፈው ወር መጨረሻ፣ በእሑድ ቀን፣ ባለቤታቸውን ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን መጡ። ከዚያችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ግንባራቸውን ክንዳቸው ላይ ጣሉ። ሕዝቡ በእግር ጣቱ እየተራመደ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጉን ለከሰዓት አቆዩት። አንድ ደግ ሰው ፀሐይ እንዳይመታቸው ብሎ መጋረጃ ሳበላቸው። በሩን ቀስ አድርገው ገርበብ አደረጉት። ምሳ ሰዓት አልፎ ልጃቸው ልትፈልጋቸው መጣች። «አባዬ» ብላ ትከሻቸውን ስትነካቸው ወደ ግራ ዘመም አሉ። ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ ነበር፤ በሕይወት ግን ነበሩና ሆስፒታል አደረስናቸው።

እኔ ማንንም አልከስም። ያከበራችኋቸው መስሏችሁ ነው። ሐኪሙን ግን «ቶሎ ቢመጡ ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «ምናልባት» አለኝ። ይህቺ «ምናልባት» አብራኝ እየዋለች አብራኝ እያደረች ነው። ከእንግዲህም የምትለቀኝ አይመስለኝም።

በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ ቀኝ እጃቸው ይሠራ ነበር፤ አንደበታቸው ግን ተያዘ። ጠያቂ ብዙ መጣ፤ እግዜር ያክብራችሁ። አንዱ ጠያቂ ታዲያ ገና ሳይቀመጥ «የጣሪያው ቁልፍ የት ይሆን?» አለ። ወይ ጉድ! ወንድም ጋሼ በቀኝ እጃቸው ወደተሰቀለው ኮታቸው ጠቆሙ። ቁልፉን ከኪሳቸው ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለሰውየው ግን አልሰጠሁትም። በጄ ጨብጬ ቆምኩ።

ሰኞ ዕለት ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች መጥተው ከአልጋው ግርጌ ቆመው ልጃቸውን አነጋገሯት። በትሕትና ነው ያነጋገሯት፤ ሐሰት አልናገርም። «የአባትሽን ፈለግ የሚከተል ካንቺ የተሻለ ሰው የለም። ለጊዜው ብቻ ነው፣ ሰው እስክናገኝ» አሏት። ልጅቱን አየኋት። ጠዋት ሙሉ አስተምራ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ጥላ፣ የአባቷን አልጋ ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ደም ለብሷል። አፏን ልትከፍት ስትል ምን ልትል እንደሆነ አወቅሁ። የአባቷ ልጅ ናታ! 

ከአልጋው ድምፅ ተሰማ። ወንድም ጋሼ ቀኝ እጃቸውን አንስተው የልጃቸውን እጅጌ ያዙ። ከንፈራቸው በአንድ ጎን ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ላብ በግንባራቸው ላይ እየወረደ፣ ታገሉና አወጡት። «እምቢ» አሉ። ኮሚቴዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እርሳቸው ደግሞ ልጃቸውን እያዩ ደገሙት፤ «እምቢ።» ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣ ቃል ነው። ለራሳቸው አላሉትም፤ ለልጃቸው አሉላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ባለቤታቸው እግራቸውን እያሹላቸው፣ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወንድም ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። ለሐዘናችን የመጣችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ደግሞም የምትወዷቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ባትወዷቸው ይህን ሁሉ አልልም ነበር።

የጣሪያውን ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ልጃቸው አትወስደውም፤ አባቷ «እምቢ» ብለውላታል። ስትወጡ የምታነሱት አንድ ሰው ሳትሆኑ ብዙ ሁኑና በየሳምንቱ ተቀባበሉት። የሚያነሳው ከጠፋ እዚያው ይቀመጥ፤ ውሃውም ይቅር። ከእንግዲህ ደግሞ ከኋላ አግዳሚ ላይ ግንባሩን የደፋ ሰው ስታዩ በእግር ጣታችሁ አትለፉት። ትከሻውን ንኩት። ስሙን ጥሩት። እየጸለየ ከሆነ እግዚአብሔር ይታገሳችኋል።

አቤቱ ጌታዬ፣ ነፍሳቸውን በቸርነትህ ተቀበልልን። ቤትህ ሲደርሱ ማንም የማያንኳኳበት ክፍል ስጣቸው። እነሆ ቀድሜ እነግርሃለሁ፤ ምን ብታዝዛቸው ሳይሰሙህ «እሺ» ይሉሃል፣ አትመናቸው። በሰማይም ቤት ኮሚቴ እንዳለ እንጃ፤ ካለ ግን እባክህ እርሱን አትምረጠው። ወንድሜ ደክሞታል።